ከመልሱ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት

ከሐዋሳ የጻፉልን የሦስት ልጆች እናት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በጥር መጨረሻ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ላይ ያገባል። ሠርጉ እሑድ፣ መልሱ ሰኞ ነው። የሚያርፉት አያት ኮንዶሚኒየም ባለው የባለቤታቸው እህት ቤት ነው። ባለቤታቸው «ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ማክሰኞንና ረቡዕን እዚያው ውለን ልጆቹ ከተማ ይዩ» ይላሉ። እናትየው ግን ባለፈው መስቀል የሆነውን አልረሱም። በሁለት ቀን ስድስት ዘመድ ቤት ተዞረ፤ የ4 ዓመቱን ልጅ ታክሲ ውስጥ አስመለሰው፤ የ13 ዓመቱ ከስልኩ ቀና ሳይል ዋለ፤ የ8 ዓመቷ «እንሂድ» እያለች ስታለቅስ አባቷ በዘመድ ፊት በጥፊ መቷት፤ «አሳዳጊ የበደላት አስመሰልሽን» አሏት። አሁን የጉዞው ወሬ ሲነሳ ልጅቷ «አባዬ እዚያም ይመታኛል?» ብላ ጠይቃለች። እናትየው «ልቅር ብል ዘመድ ጠላች እባላለሁ፤ ብሄድ ያው ይደገማል» ይላሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣

ሁለቱን ቀን አይሰርዟቸው፤ መሰረዝ ያለበት የቤቶቹ ዝርዝር ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን አንድ ሒሳብ አብረን እናስላ፤ ምክንያቱም ባለቤትዎ የአስተዳደግ ጉድለት ያደረጉት ነገር አብዛኛው የእንቅልፍ ዕዳ ይመስለኛል።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉ ተደምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልገዋል። አሁን የሠርጉን ሰሞን ያስቡት። ቅዳሜ ሌሊት ቤቱ በሽንኩርት ከታፊና በጨፋሪ ተሞልቶ ያመሻል፤ እሑድ ጭፈራው እኩለ ሌሊትን ያልፋል፤ ሰኞ መልስ ነው። ትንሹ ልጅዎ 11 ሰዓት መተኛት ሲገባው በእነዚህ ሦስት ሌሊቶች 7 ሰዓት ብቻ ቢተኛ፣ ማክሰኞ የሚነቃው 12 ሰዓት እንቅልፍ ጎድሎበት ነው። ይህ አንድ ሙሉ ሌሊት ጨርሶ ዓይኑን እንዳልከደነ ያህል ነው። ስሜትን ልጓም የሚይዘው የአእምሮ ክፍል ግንባር አካባቢ ያለው ሲሆን ከሌሎቹ ዘግይቶ የሚበስል፣ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ መብሰሉን የሚቀጥል ነው። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ አዋቂውም ላይ ይላላል። አባትየው ራሳቸው ያን ቀን ስንት ሰዓት ተኝተው እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ምንም ፕሮግራም አይያዝ። ማንም ልጆቹን አይቀስቅሳቸው፤ ቁርስ በ4 ሰዓት ቢሆንም ግድ የለም። ትንሹ ከሰዓት በኋላ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ድረስ ዳግም ይተኛ፤ ከ9 ሰዓት ካለፈ ግን ቀስቅሱት፤ አለዚያ ማታ ዓይኑ አይከደንም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ክፍሉ ይጨልም። የአዲስ አበባ የጥር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሐዋሳ በለመደው አንሶላ ያስተኙት ልጅ በብርድ ብቻ ሦስት ጊዜ ይነቃል። ጋቢና ካልሲ ያዙ። ቤቱ በእንግዳ ስለሚሞላ የመኝታውን ነገር አስቀድመው ይቁረጡት፦ ልጆቹ ከእናንተ ጋር በአንድ ክፍል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎም ቢሆን። ከአዋቂ እንግዶች ጋር ተደባልቀው አይተኙ። ዘመድ መሆን ለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ማንንም ሳይጠረጥሩ ሕጉን ማስከበር ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ነገር ብቻ። ይህን ለወላጆች ማሳመን ከባድ ነው፤ «ከዚህ ድረስ መጥተን?» ይባላል። ግን የ4 ዓመት ልጅ ከተማን በቦታ ብዛት አይለካም። ሊፍት መውጣትና መውረድ፣ ከድልድይ ላይ መኪና መቁጠር ለእሱ አዲስ አበባ ነው። ማክሰኞ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከአያት እስከ ስታዲየም በቀላል ባቡር ደርሶ መመለስ የቀኑ ፕሮግራም ሁሉ ሊሆን ይችላል። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አዋቂውም ለመሳፈር ብቻ ይሰለፍ ነበር፤ ልጅ ቢደነቅበት አያስገርምም። በዚያ ቀን መኖሩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሠራተኛ ከሥራ ከሚወጣበት ከ11 ሰዓት በፊት ቤት ግቡ፤ በዚያ ግፊያ ውስጥ የ4 ዓመት ልጅ የሚያየው የሰው ወገብ ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት 5 ኪሎ አካባቢ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ወይም በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ። «ወይም» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማጣመር ባለፈው መስቀል የሆነውን መድገም ነው። አንድነት ፓርክ አንበሳም ሰፊ ግቢም አለው፤ ግን ብዙ ያስኬዳል፣ የመግቢያው ክፍያም ለአምስት ሰው ሲደመር ቀላል አይሆንም። ለእናንተ ቤት ሙዚየሙን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ለ8 ዓመቷ አስቀድሞ ሥራ መስጠት ይቻላል። ከሐዋሳ ሳትነሱ በር መቃን ላይ አቁማችሁ ቁመቷን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲም ላይ ሌላ ምልክት አስምሩ። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ቁመቷ እዚያ ገደማ ነው። አዋቂ ሆና ከልጅዎ ታንሳለች! ልጅቷ ሙዚየም የምትገባው ያቺን ለማየት ይሆናል እንጂ «ዝም ብለሽ ተከተይ» ተብላ አይሆንም። ትንሹ ግን ግማሽ ሰዓት ከታገሠ ብዙ ነው፤ አንዳችሁ ይዛችሁት ውጡ፣ ሌላው ከትልልቆቹ ጋር ይቆይ። እንጦጦ በዚህ ጉዞ ይቅር። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው፤ ከሦስት ሌሊት ሠርግ በኋላ ልጆቹን ዳገት ላይ ማስለከለክ ትርፉ ልቅሶ ነው።

የ13 ዓመቱን ከስልኩ የሚያነሳው ቁጣ ሳይሆን ኃላፊነት ነው። የሁለቱን ቀን የትራንስፖርት ገንዘብ በእጁ ስጡት፤ መንገዱን እሱ ያጥና፣ ታክሲውን እሱ ይጠይቅ፣ ራይዱን እሱ ይጥራ። ቢሳሳትና ግማሽ ሰዓት ብትዞሩ ምንም አይደል፤ ብቻ «አላልኩህም?» አይባል።

ባዶ ሆድና ጉዞ ሌላው ጣጣ ነው። ዘመድ ቤት ምሳ 6 ሰዓት ተብሎ 9 ሰዓት ይቀርባል፤ ልጅ ደግሞ በየሦስት ሰዓቱ አንድ ነገር መቅመስ አለበት። ቦርሳ ውስጥ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎና ውሃ ይኑር፤ ቆሎው ግን ለትልልቆቹ ነው፣ ትንሹን ሊያንቀው ይችላል። ከሐዋሳ ስትነሱ፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለትንሹ ወተትና ቅባት የበዛበት ቁርስ አይስጡት፤ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ወደ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ይይ እንጂ ስልክ አይይ፤ የሚያስመልሰው ዓይኑ ስልኩ ላይ ተተክሎ ሰውነቱ ሲወዛወዝ ነው። ፌስታል በእጅ ይያዝ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይቀበር።

መጥፋትን በተመለከተ «ሁላችንም እያየነው ነው» የሚባልበት ሰዓት ማንም የማያይበት ሰዓት ነው። ትንሹ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ስም ይሁን፤ ሲቀባበሉ «ያዝከው?» «ይዤዋለሁ» ተባባሉ። ጠዋት ጠዋት የለበሱትን ልብስ እንደለበሱ አንድ ፎቶ አንሷቸው። ለትንሹ ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉና እጅጌውን አውርዱለት። የ8 ዓመቷ የአባቷን ሙሉ ስምና አንድ ስልክ ቁጥር በዜማ ትሸምድድ፤ ሕጓም አንድ ነው፦ ስትጠፋ ባለችበት መቆም፤ ሰው ከጠየቀችም ልጅ የያዘች ሴት ወይም ደንብ ልብስ የለበሰ መጠየቅ።

ልቅሶው ቢመጣስ? ይመጣል። አንድ አዋቂ ብቻ ይዞት ወደ ውጭ ይውጣ፣ በርከክ ይበል፣ «ደክሞሃል፤ አብሬህ ነኝ» ይበልና ዝም ይበል። ምክርና ማስፈራሪያ በዚያ ሰዓት አይገባውም። ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ማታ ደግሞ ለአክስቶች እንደ ቀልድ አይተረክበት።

አሁን ወደ ቤቶቹ ዝርዝር ልመለስ። ሳሪስ፣ ጀሞ፣ ኮተቤና አያት በአንድ ቀን የሚዞሩት በይሉኝታ ነው እንጂ በናፍቆት አይደለም። ደግሞም እነዚያን ሰዎች ሁሉ ሠርጉ ላይ አግኝታችኋቸዋል። አማራጩ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከ11 ሰዓት በኋላ አያት ቡና ማፍላትና የቻለ እንዲመጣ መጥራት ነው። የማይቀር የታመመ ወይም ያረጀ ዘመድ ካለ ባለቤትዎ ትልቁን ልጅ ይዘው ይሂዱ፤ ቤተሰብ ሁልጊዜ እንደ እቃ ተጠርዞ መንቀሳቀስ የለበትም። ይህን ለእህታቸው የሚነግሩት ግን ባለቤትዎ ራሳቸው ይሁኑ። እርስዎ ከደወሉ «እሷ ናት የከለከለችው» ይባላል፤ እሳቸው ከደወሉ የወንድም ፕሮግራም ነው።

ባለቤትዎን ሲያነጋግሩ በመስቀሉ ጥፋት አይጀምሩ። ከሚፈልጉት ይጀምሩ፦ «ልጆቹ ዘመድ እንዲያውቁ እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም እፈልጋለሁ። እንዲወዱትም ነው የምፈልገው፤ ስለዚህ በአንድ ቤት እናድርገው።» ከዚያ ወረቀት አውጥታችሁ ሁለቱን ቀን በሰዓት ጻፉ። ሐሙስ ጠዋት ተመለሱ፤ ዓርብ ባዶ ይሁን።

ጥፊው ለብቻው ይነሳ። «አሳዳጊ የበደላት» የሚለው ቃል በልጅቷ ላይ ተወርውሮ እርስዎን የሚመታ ነው፤ ግን በጊዜው የተናገሩት ሰው ራሳቸው በወንድም በእህት ፊት እንዳይባሉ የፈሩት ቃልም ነው። ይህን ማወቅ ድርጊቱን ልክ አያደርገውም፤ ለንግግር በር ይከፍታል እንጂ። ልጅቷ ለጠየቀችው መልስ መስጠት ያለባቸው አባቷ ናቸው፤ ከጉዞው ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ለብቻቸው ሆነው፦ «ባለፈው መስቀል አክስትሽ ቤት መታሁሽ። ደክሞሽ ነበር። መምታቴ ልክ አልነበረም፣ አይደገምም። ሲደክምሽ እጄን ሁለቴ ጭብጥ አድርጊው፤ እንወጣለን።» ምልክቷን እዚያው ሐዋሳ ይሞክሯት፤ ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ሰው ባለበት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ስትጨብጥ፣ ጨዋታ ላይ እንኳ ቢሆኑ፣ መነሳት አለባቸው፤ የምታምናቸው ያኔ ነው።

ዱላው በመስቀል ብቻ ሳይሆን በቤትም የሚደጋገም ከሆነ ግን ነገሩ የጉዞ ጥያቄ አይደለምና ባለሙያ ዘንድ በአካል ቀርባችሁ ተነጋገሩ። ባለቤትዎ ይህን ለልጅቷ ለማለት እምቢ ካሉም በእሳቸው ስም «አባትሽ ተጸጽቷል» ብለው ቃል አይግቡላት። «ሲደክምሽ እኔ ይዤሽ እወጣለሁ» ይበሏት፤ ይህ በእጅዎ ያለ ነው።