ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ ሚስቴክስ ምን ይደረጋል?

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት፣ እህቴ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከውጫሌ ነው የምጽፈው ብለሻል። ሰዋስው ደህና አድርገሽ ታውቂያለሽ፣ ቃላትም ሸምድደሻል። ድርሰት ስትጽፊ ግን መምህርሽ «ዱ ሚስቴክ» ያልሽውን ሰርዞ «ሜክ» ይልሻል። «ሜክ ሆምወርክ» ስትዪ ደግሞ «ዱ» ብሎ ያርምሻል። «ሁለቱም መሥራት ከሆኑ ሕጉ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽ፣ የታረመብሽን አንቀጽም ለጥፈሻል። ከሥር «ብዙ አንብቢ» ያሉሽ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ግን ስታነቢ ምኑን ማየት እንዳለብሽ አልነገሩሽም። እኔ ደሴና አካባቢዋ እንግሊዝኛ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ለጊዜው ተይውና ስለ ቤታችን እንነጋገር። ጠላ ይጠመቃል። ጠጅ ይጣላል። አረቄ ይወጣል። እንጀራ ይጋገራል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ቡና ይፈላል። ሁሉም የሚበላና የሚጠጣ ነገር ማዘጋጀት ነው። ግሱ ግን ለየብቻ ነው። አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ «ቡና ቀቀልኩ» ቢልሽ ይገባሻል። ግን ቀና ብለሽ ታይዋለሽ። «ለምን አይቀቀልም? ያው ውኃ ነው፣ ያው እሳት ነው» ብሎ ቢሞግትሽ ምን ትመልሺለታለሽ? «አይባልማ!» ከማለት ሌላ መልስ የለሽም። «ድቅድቅ» ስልሽ ደግሞ ወዲያው «ጨለማ» ትያለሽ። «አንጡራ» ስልሽ «ሀብት» ትያለሽ። ድቅድቅ ሌሊት፣ አንጡራ ቤት የሚል ሰው ሰምተሽ አታውቂም። እነዚህ ቃላት አብረው ኖረው ተላምደዋል። አንቺም አብረው ነው የሰማሻቸው፣ ለዚህ ነው የማይጠፉሽ።

እንግሊዝኛም ልክ እንደዚሁ ነው። ሚስቴክ «ሜክ» ይባላል፣ ሆምወርክ «ዱ» ይባላል። ቡና ለምን እንደሚፈላ እንደማናስረዳው ሁሉ፣ እነሱም አብዛኛውን አያስረዱትም።

ይህ በእኔ ልብ ውስጥ በደንብ የገባው ከክፍል ውጭ ነው። ሐይቅ ከተማ አስተምር በነበረ ጊዜ አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ መምህር አብሮን ይሠራ ነበር። አማርኛ ለመልመድ የነበረው ትጋት ይገርመኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡና ተጠርተን ከሐይቁ ዳር ብዙም ወደማይርቅ ቤት ሄድን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ባለቤቷ እናት ረከቦቱ ፊት ተቀምጠዋል። ሰውዬው ካሜራውን አወጣና በትሕትና ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ፎቶ ልውሰድ?» አላቸው። እሳቸው ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። እዚያ በመስተዋት የተሰቀለ የሟች ባለቤታቸው ፎቶ አለ። «ኧረ ልጄ፣ እሱንስ አልሰጥህም፤ ሌላም የለኝ» አሉት። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። እሱ ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው። እኔ ቶሎ ብዬ «ላንሳዎት ማለቱ ነው እማማ» አልኳቸው። «ያ አላህ! እንዲያ በለኛ ታዲያ!» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡለት።

ሰዋስዉ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። «ፎቶ» ትክክለኛ ቃል ነው፣ «ልውሰድ» ትክክለኛ ግስ ነው። በእንግሊዝኛ «ቴክ ኤ ፎቶ» ስለሚባል «ቴክ» የሚለውን ወደ «መውሰድ» ገለበጠው። በአማርኛ ግን ፎቶ ይነሣል። ከቡናው በኋላ ትንሽ ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ «ፎቶ ማንሣት» ብሎ በአንድ መስመር ሲጽፍ አየሁት። ከሥሩ ደግሞ «ዕቃ መውሰድ» ብሎ ጻፈ። «ማንሣት» የሚለውን ለብቻው አልጻፈም። እኔ ተማሪዎቼን ለዓመታት ቃል በቃል አጽፋቸው ነበር። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። «ሠራ» የሚለው የእኛ ግስ በጣም ሰፊ ነው። ቤት ሠራ እንላለን፣ ወጥ ሠራ እንላለን፣ የቤት ሥራ ሠራ፣ ስሕተት ሠራ፣ ወንጀል ሠራ እንላለን። ይኼ አንድ ግስ እንግሊዝኛ ሲገባ ይበተናል። ቤት ከሆነ «ቢልድ» ነው። ወጥ ከሆነ «ኩክ» ወይም «ሜክ»። የቤት ሥራ ከሆነ «ዱ»። ስሕተት ከሆነ «ሜክ»። ወንጀል ከሆነ ደግሞ «ኮሚት»። አንቺ «መሥራት» ብለሽ ስታስቢ እንግሊዝኛው «ምኑን?» ብሎ ይጠይቅሻል። ያ ጥያቄ ሳይመለስ ግሱ አይገኝም።

ሌላም ነገር አለ፣ እኔ ዋናው ችግር ይህ ይመስለኛል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «ስሕተት» ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ ስሙ ቀድሞ ስለወጣ ግሱ ራሱ ተከትሎት ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ያስቀድማል። «ሚስቴክ» የሚለው ከአፍሽ ሳይወጣ «ሜክ» ወይም «ዱ» መምረጥ አለብሽ። ስለዚህ እጅሽ መጀመሪያ ያገኘውን ግስ ያነሣል። ጎበዝ ተማሪዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ቃል አድርጎ መያዝ ነው። «ሜከሚስቴክ» እንደ አንድ ቃል በአፍሽ ይልመድ።

ሕግ ስላልሽ፣ የሚረዳ ፍንጭ ግን አለ። ያልነበረ ነገር ሲገኝ ብዙውን ጊዜ «ሜክ» ነው። ውሳኔ፣ ዕቅድ፣ ጫጫታ፣ ጓደኛ፣ ገንዘብ፣ ሁሉም «ሜክ» ይላሉ። የሚከናወን ሥራ ሲሆን ደግሞ «ዱ» ይቀናዋል፤ የቤት ሥራ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ስፖርት፣ ጥናት። ግን ፍንጩን እንደ ሕግ እንዳትይዢው። አልጋ ስታነጥፊ አዲስ አልጋ አልፈጠርሽም፣ ሆኖም «ሜክ ዘ ቤድ» ነው የሚባለው። ጉዳት ስታደርሺ ያልነበረ ጉዳት መጥቷል፣ ግን «ዱ ዳሜጅ» ይባላል።

ይህን ነገር መጀመሪያ አጥብቀው የያዙት እንደ እኛ ለባዕድ ተማሪ የሚያስተምሩ ሰዎች መሆናቸው ደስ ይለኛል። ሃሮልድ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ ቶኪዮ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማመርን ያጠና ነበር። የጃፓን ተማሪዎችን የሚያስቸግሩ፣ አብረው የሚሄዱ ቃላትን ከባልደረቦቹ ጋር ለቅሞ እ.ኤ.አ. በ1933 ዝርዝራቸውን አወጣ። አብሮት ከሠሩት አንዱ ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የምናውቀው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት መነሻው የእሱ ሥራ ነው። ኋላ ጄ. አር. ፈርዝ የተባለ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ነው አለ። ሰውም እንዲሁ አይደል?

የለጠፍሽውን አንቀጽ እንየው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርሽ «ስትሮንግ ሬይን» ይላል። ኃይለኛ ዝናብ ብለሽ አስበሽ ነው። እንግሊዝኛ ለዝናብ «ሄቪ» ይላል። አማርኛ «ከባድ ዝናብ»ም ስለሚል ያንን ብትይዢ ኖሮ ራሱ ይመራሽ ነበር። ንፋስ ግን «ስትሮንግ» ነው። ቡናም «ስትሮንግ» ነው። እኛ ወፍራም ቡና እንላለን፣ እንግሊዝኛ ጠንካራ ይለዋል። ቀጭን ሻይ የምንለው ደግሞ እነሱ ዘንድ «ዊክ ቲ»፣ ደካማ ሻይ ነው።

ሁለተኛው «ኮልድ ካውት ሚ» ይላል። ይቺን ዐረፍተ ነገር በየዓመቱ አገኛታለሁ፣ ስለምወዳትም ቆም ብዬ ነው የማስረዳው። በአማርኛ ያዡ ጉንፋኑ ነው፣ የሚያዘው ሰውዬው ነው። በእንግሊዝኛ ተገልብጧል። ሰውዬው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፤ «አይ ካውት ኤ ኮልድ»። ግሱ አንድ ነው፣ ቦታው ነው የተለዋወጠው። አንዴ በዚህ መልክ ካየሽው አትረሺውም።

«ቃል» የሚለውንም ተመልከቺው። እኛ ዘንድ ቃል ይገባል፣ ይጠበቃል፣ ይታጠፋል። በእንግሊዝኛ «ፕሮሚስ» መጀመሪያ «ሜክ» ይባላል፣ ቀጥሎ «ኪፕ»፣ ሲፈርስ ደግሞ «ብሬክ»። መሀለኛዋ ገጥማለች፣ መጠበቅ ከመጠበቅ። ዳርና ዳሩ ተለያየ። «ትኩረት መስጠት» ብለሽ «ጊቭ» ልትዪ ትችያለሽ፣ የተለመደው ግን «ፔይ አቴንሽን» ነው። ትኩረት እንደ ገንዘብ ይከፈላል። ውሸት ተናገረ ስለምንል «ስፒክ» ልትዪ ትችያለሽ፣ በእንግሊዝኛ ግን «ቴል ኤ ላይ» ነው። ሬዲዮ እንከፍታለን፣ እነሱ ግን «ኦፕን» አይሉም፣ «ተርን ኦን» ነው የሚሉት። ፈተና መውሰድና ጥያቄ መጠየቅ ሲሆን ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይገጥማሉ። የገጠመውን በደስታ ተቀበይና ጉልበትሽን ባልገጠመው ላይ አውይው።

መስተዋድድም የዚሁ ዘመድ ነው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» እንጽፋለን፣ ትክክሉ «ማሪድ ቱ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። መፍትሔው ያው ነው፣ ከነጓደኛው መያዝ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በመጀመሪያ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጡትን፣ በአንድ ወገን የእንግሊዝኛ ቃል በሌላ ወገን የአማርኛ ፍቺ የተደረደረባቸውን ወረቀቶች ተያቸው። «ሜክ» መሥራት፣ «ዱ» መሥራት ብለው የጻፉልሽ እነሱ ናቸው። ተማሪን ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ሙሉ ክረምት ይሸመድዳል፣ መስከረም ላይ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያቅተዋል።

ከዚያ ደብተር ያዢ፣ ገጹን በስም ክፈቺ። ከግስ አትነሺ። አናቱ ላይ «ዲሲዥን» ብለሽ ጻፊ። ከሥሩ ስታነቢም ስትሰሚም አብሮት ያየሽውን ጨምሪ። «ሜክ» መጣ፣ ጻፊ። «ዲፊከልት» ከፊቱ ቆመ፣ ጻፊ። ሌላ ጊዜ «ሪች» (መድረስ) አብሮት ታዪያለሽ፣ እሱንም ጨምሪ። ስሙን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ስትጽፊ መጀመሪያ የምታውቂው ልታወሪ ስለፈለግሽው ነገር ነው። የሚጠፋሽ ግሱ ነው። ስለዚህ ገጽሽ ከምታውቂው ወደማታውቂው ይወስድሻል። በቀን ሦስት ስም በቂ ነው። አንዲት ተማሪዬ በዚህ ዓይነት አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ሞልታ አሳየችኝ። «ታይም» የሚለው ገጿ ላይ «ስፔንድ»፣ «ዌስት»፣ «ሴቭ»፣ «ኪል» ተደርድረዋል። ከ«ኪል» ጎን በእርሳስ «ጊዜ ይገደላል!» ብላ ጽፋበታለች። ያንን ገጽ ሳይ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ስልክ ካለሽ ሌላም ዘዴ አለ። ያጠራጠረሽን ሐረግ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገሽ ጉግል ላይ ፈልጊው። አንዴ በ«ሜክ»፣ አንዴ በ«ዱ»። የውጤቱን ብዛት ብቻ አትመልከቺ፣ ማን እንደጻፈውም ተመልከቺ። ጋዜጦችና የዜና ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት አንደኛው ሆኖ፣ ሌላውን እንደ እኛ ተማሪ የሆኑ ሰዎች ብቻ ከጻፉት፣ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። ኔትወርክ ከሌለ መዝገበ ቃላቱን ገልጠሽ ስሙን ፈልጊ። ፍቺውን አልፈሽ ምሳሌ ዐረፍተ ነገሮቹን አንብቢ፣ ጓደኞቹ እዚያ ናቸው።

ድምፅም አውጪ። በአማርኛ «ድቅድቅ» ሲባል «ጨለማ» የሚመጣልሽ በጆሮሽ ስለገባ ነው። «ሜክ ኤ ዲሲዥን»ን በዓይንሽ ብቻ ካየሽው ፈተና ላይ አይመጣልሽም። ውኃ ስትቀጂ፣ መንገድ ስትሄጂ ደጋግመሽ በይው።

የአንቀጽሽ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር «አይ ዲድ ሜኒ ሚስቴክስ» ነው፣ እሱን አሁን ራስሽ ታርሚዋለሽ። አራተኛው ላይ «ዊ ዲስከስድ አባውት ኢት» ብለሻል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከሚለው የመጣች «አባውት» ናት። «ዲስከስ» ከኋላው «ስለ» አይፈልግም፣ «ዊ ዲስከስድ ኢት» ይበቃል። አንቀጹን አስተካክለሽ ከሥር መልሰሽ ለጥፊው። ነገ ከትምህርት በኋላ አየዋለሁ።