ማርሚታ በድምፅ አይመረጥም

በዚህ እትም ያነሳናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ፒክአፕ ማርሚታ የሚጠይቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሃይሉክስ አለኝ፤ ሞተሩ 2ኬዲ፣ 2.5 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ነው። ማርሚታው ሁለት ጊዜ ተበይዶ እንደገና በሳ፤ በያጁም ከእንግዲህ ብየዳ አይዝም ብሎኛል። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ሦስት ዓይነት አየሁ። አንዱ ያገለገለ ኦሪጅናል ነው፣ ሁለተኛው አዲስ ሆኖ ስም የለውም፣ ሦስተኛው «ስፖርት» የሚሉት አጭሩ ነው። የትኛውን ልግዛ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለግዢ ሲመለሱ ሲባጎ፣ ማግኔትና ቲነር የነካ ጨርቅ ይያዙ።

ሲባጎው ለልኩ ነው። ከማርሚታው በፊት ያለውን ቧንቧ በብረት ብሩሽ ያጽዱና ሲባጎውን አንድ ዙር ያዙሩበት። ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ። ዙሩ 160 ከሆነ ቧንቧው 2 ኢንች ነው፤ 180 ከሆነ 2 ኢንች ከሩብ፣ 200 ከሆነ ደግሞ 2 ኢንች ተኩል። ይህ የቧንቧው የውጭ ስፋት ነው። የማርሚታው አፍ ቧንቧውን የሚያቅፍ ከሆነ የአፉ የውስጥ ስፋት ከዚህ ጋር መግጠም አለበት። አንድ ሚሊ ክፍተት ብየዳ ይሸፍነዋል። ሦስት ሚሊ ሲሆን ግን በያጁ ክፍተቱን ልሙላ ሲል ቀጭኑን ላሜራ አብዝቶ ያግለዋል፤ ያ ቦታም ብዙ ሳይቆይ ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው «ብየዳው ደካማ ነው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የልክ ስህተት ነው።

ጨርቁ ለማታለያው ነው። ብርማ መልክ ያለው ማርሚታ ሁሉ አልሙኒየም የተቀባ ብረት አይደለም። ተራ ጥቁር ላሜራ ላይ ብርማ ቀለም ተረጭቶ ይሸጣል። በቲነር ሲያሹት ጨርቁ ብርማ ከሆነ ቀለም ነው፤ እውነተኛው የአልሙኒየም ሽፋን ግን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ከብረቱ ጋር ይቀራል። ማግኔቱ ደግሞ «አይዝግም» የሚባለውን ለመፈተሽ ነው። 304 የሚባለው ብረት ማግኔት አይዝም። 409 የሚባለው ግን ይይዛል፤ ላዩ ቢጠቋቁርም ለጭስ ማውጫ ጥሩ ብረት ነው። ስለዚህ ማግኔት ያዘ ብለው ብቻ አይጣሉት፤ ሻጩ «304 ነው» ብሎ ዋጋ ከጨመረበት ግን ማግኔቱ መያዝ የለበትም።

ለምን ይህን ያህል እንጠነቀቃለን? ማርሚታ የሚበሰብሰው በአብዛኛው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድ ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ ተጠርጎ ይወጣል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ውሃው ከማርሚታው ሆድ ሥር ይቀራል፣ ከናፍጣው ድኝ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፣ የታችኛውን ስፌት ይበላል። ጥሩ ማርሚታ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሦስት ሚሊ የምታህል ማፍሰሻ ቀዳዳ አላት። ብዙ ባለመኪና ጉድለት መስሎት ያስደፍናታል። አይድፈኗት።

ያገለገለውን ኦሪጅናል በሁለት እጅ አንሥተው ያናውጡት። ከውስጥ ኳ ኳ ካለ የውስጥ ክፍልፋዩ ተነቅሏል፤ ያ ላሜራ አንድ ቀን ዞሮ መውጫውን ይዘጋል። ድምፅ ከሌለው አፉን ወደ መሬት ይድፉት፤ ቅርፊት ቅርፊት ዝገት ከረገፈ ይተዉት። በመጨረሻ የታችኛውን ስፌት በካቻቢቴ ጫፍ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት። ብረቱ ከሰረጎደ ቢበዛ አንድ ክረምት ያሻግርዎታል።

«ስፖርት» የሚሉት በአንድ ጫፍ ሲያዩት በሌላው ብርሃን የሚታይበት ነው። ውስጡ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ቧንቧ፣ በዙሪያው የመስታወት ቃጫ (ፋይበር ግላስ) የታጨቀበት ነው። ለተርቦ ሞተር በመርህ ደረጃ ተስማሚ ነው። ተርቦው (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ራሱ የጭሱን ምት ስለሚሰብር ግማሹን ድምፅ የማፈን ሥራ ሠርቶ ነው ጭሱን ወደ ኋላ የሚልከው፤ ከተርቦ በኋላ መንገዱ ክፍት በሆነ መጠን ለተርቦው ይቀለዋል። ችግሩ አጭርነቱ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ሆድ ያለው በአስፋልት ላይ ጆሮ ያደክማል፤ 45 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። ቃጫውም በጥቀርሻ እየተሞላ ስለሚሄድ ድምፁ ከጊዜ ጋር ይጨምራል።

የእኛ ምርጫ አዲሱ ስም የለሽ ነው፣ ልኩ ከገጠመና የቲነሩን ፈተና ካለፈ። ካላለፈ ጤነኛው ኦሪጅናል ይሻላል።

ጥያቄ፦ 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ፒክአፕ ነው። ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። መካኒኩ «ማርሚታውን ቀደን ውስጡን እናውጣለት፣ ይተነፍሳል» አለኝ። ላስደርገው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አያስደርጉት። መጀመሪያ ማርሚታው ጥፋተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ሞተሩ ሲበርድ ከማርሚታው በፊት ያለውን ፍላንጅ (ቧንቧዎቹ በብሎን የሚገናኙበትን) ሁለት ብሎን ይፍቱ፣ ቧንቧውን ሁለት ጣት ያህል ያላቁት፣ ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ መስመር እንዳይጠጋ በሽቦ ይሰሩት፣ መስኮት ከፍተው ያንኑ ዳገት አንድ ጊዜ ይውጡ። ጩኸቱን ይቻሉት። ጉልበቱ በግልጽ ከተመለሰ ማርሚታው ተዘግቷል፣ ይቀየር። ምንም ካልተለወጠ ግን ቢቀዱትም የሚተርፍዎት ጩኸት ብቻ ነው።

5ኤል ተርቦ የለውም። በእናንተ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ፖምፓው ለዝቅተኛ ቦታ የተለካውን ናፍጣ እዚያም ከላከ ትርፉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የአየር ፊልትሮ፣ ከዚያ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች፣ ከዚያ የፖምፓው ልኬት። የፊልትሮው ዋጋ ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በያጁ ለጭስ ማውጫው የውሃ ቧንቧ ልጠቀም ይላል። ይሆናል? ሲገጠምስ ምን ልጠንቀቅ? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ዚንክ የተነከረ የውሃ ቧንቧ አይሆንም። ሲበየድ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሣል፤ የተነፈሰው ሰው ማታውን በብርድ ብርድና በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ግድግዳውም ወፍራም ስለሆነ ይከብዳል፣ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ይበጥሳል። ለጭስ ማውጫ የሚበቃው ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው ነው።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። ኮምፒውተር ባለው ሞተር ላይ ይህን መዝለል በጣም ውድ ስህተት ነው። የበያጁ የመሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ቧንቧው ራሱ ላይ ይያዝ፤ ሌላ ቦታ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በካምቢዮው ኩሽኔታ በኩል ሊያልፍ ይችላል። የነዳጅ መስመሩና የፍሬን ቱቦው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈኑ፣ ውሃ በባልዲ አጠገብ ይቀመጥ።

ማርሚታው ወዲያው ዙሪያውን አይበየድ። መጀመሪያ አራት ቦታ ላይ ነጥብ ነጥብ ይያዝ፣ ማንጠልጠያ ጎማዎቹ ላይ ይሰቀል፣ ከዚያ መኪናው ይነሣና እጅዎን በማርሚታውና በሻሲው መካከል ያስገቡ። ጣቶችዎ እንደልብ ካልገቡ ሲግል ረዝሞ ይነካል፣ ያንኳኳል። ከስኮርታው ጎማ ጋር ያለውን ክፍተትም ይዩ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ዙሪያው ይበየድ። የፍላንጁ ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ በ14 ቁልፍ የሚፈቱት ብሎኖች ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ሁለቱም ወገን በእኩል መጠን ይጠበቁ። 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ሲበርድ እንደገና ይፈትሹ፣ ጓርኒሲዮኑ ስለሚታመቅ ብሎኖቹ ይላላሉ።

የሚተነፍስ ቦታ ለማግኘት ሞተሩ ገና ሳይግል በሚኒሞ ይሥራ፤ አንድ ሰው በወፍራም ጨርቅ የጭስ ማውጫውን አፍ ለጥቂት ሰከንድ ሲይዝ ሌላው መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ያፍስስ። አረፋ የሠራበት ያፈሳል።

ጥያቄ፦ ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ አለኝ፣ 5.3 ሊትር ቪ8። ማርሚታ ብቻ አስቀየርኩ። ከተማ ውስጥ ደስ ይላል፣ ሃይዌይ ላይ ግን ጋቢናው ውስጥ ጆሮ የሚደፍን እምምም የሚል ድምፅ መጥቶ ይሄዳል። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ መጥቶ መሄዱ ነው ምክንያቱን የሚነግረን። ብዙዎቹ የዚህ ሞተር ዓይነቶች ጭነት ሲቀልላቸው አራት ሲሊንደር ያጠፋሉ። በ1,500 ዙር ስምንቱም ሲሠሩ የጭሱ ምት በሰከንድ 100 ጊዜ ነው፤ አራቱ ሲጠፉ ወደ 50 ይወርዳል። ይህ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ደረት የሚሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ነው፣ ጋቢናውንም ያስተጋባል። የፋብሪካው ማርሚታ ይህን እንዲያፍን ታስቦ ተሠርቷል፤ አጭር ሆድ ያለው ምትክ ግን አይችለውም። ማርሽ በእጅ መርጠው ሲሊንደሮቹ እንዳይጠፉ ሲያደርጉ ድምፁ ከቆመ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለሲሊንደር አጥፊ ሞተር መሠራቱ የተጻፈበት፣ ረጅም ሆድ ያለው ማርሚታ ይምረጡ፣ ትንሿን ሁለተኛ ማፈኛ ካስወጧትም ትመለስ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ግን አይንኩት፤ ማንሳቱ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራም ጭስ ማውጫውን ያያል።

ጥያቄ፦ ማርሚታው ከተቀየረ ወዲህ ካሶኒው ላይ ሸራ አድርገን ሰው ስናሳፍር ራስ ምታት ይሰማቸዋል። (ከጂማ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ሰው ማሳፈሩን ያቁሙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ ራስ ምታቱ የመጀመሪያው ምልክቱ ነው፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ይመጣል፣ ልጆችን ቀድሞ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ጋራዡ ቧንቧ ለመቆጠብ ጅራቱን ከካሶኒው ሥር ያስቀረዋል። መኪናው ሲሄድ ከኋላው የሚፈጠረው የአየር ጉድጓድ ጭሱን መልሶ ሸራው ውስጥ ይስበዋል። ጅራቱ ከካሶኒው ጠርዝ አልፎ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንዲወጣ ያስረዝሙት። መገጣጠሚያዎቹን ከላይ ባልነው የሳሙና ውሃ ያስፈትሹ። የካሶኒው ወለል ላይ የዝገት ቀዳዳ ካለ ይደፈን፤ እስከዚያው ሸራው ከኋላ ብቻ ተከፍቶ አይሂድ፣ ጭሱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።