ቆጣሪው የቤታችንን ግድግዳ ለምን ጠየቀ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ እናቴ ግን ፎገራ ናት። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ ቆጣሪው መጥቶ ግድግዳው ከምንድነው፣ ሽንት ቤት አላችሁ ወይ ሲል እናቴ ግብር ሊጨምሩብን ነው ብላ ቡና እንኳ ሳታቀምሰው ሸኘችው። አሁን ጓደኛዬ ያ መረጃ ለጎርፍ ይጠቅማል ትለኛለች፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ቡናው ግን ትንሽ ከበደኝ። ፎገራን ታውቂው የለ፣ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ጣና ዳር ያለው ሜዳ ላይ ይተኛሉ፣ ውሃው ደግሞ ቶሎ አይሄድም። ጭቃ ቤት ውሃ ሲቆምበት መጀመሪያ ከታች ምርጊቱ ይረግፋል፣ እንጨቱ ብቻውን ይቀራል፣ ከዛ ቤቱ ይዘማል፣ ብሎኬት ግን የተሻለ ይችላል። እና የቤት ቆጠራውን ጎርፍ የሚደርስበት ካርታ ላይ ስትደርቢው የትኛው ቀበሌ ስንት ጭቃ ቤት፣ ስንት ሰው እንዳለው ክረምት ሳይገባ ይታወቃል፣ ድንኳንና ጀልባ ወዴት ይሂድ የሚለው በግምት አይሆንም። ሽንት ቤቱም ለዋዛ አልተጠየቀም፣ ጉድጓዱ በጎርፍ ሲሞላ ከሚጠጣው ውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዛ አተት ነው።

ችግሩ መረጃው አርጅቷል፣ አራተኛው ቆጠራ ሲራዘም ሲራዘም ይኸው፣ ከ1999 ወዲህ ጣና ዳር የተሠራውን ቤት ማን ቆጠረው? ለእናትሽ ግን ንገሪያት፣ ለቆጠራ የሰጠችው መልስ በሕግ ሚስጥር ነው። ብቻ ሲመጡ ጭቃውን ብሎኬት ነው ብላ እንዳታሳምርላቸው።