ጆንያውን ከመስቀላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ የቡና ጆንያ ሰፍታችሁ የሙዚየሙን አዳራሽ ዋሻ ልታስመስሉት እንዳሰባችሁ ስትነግሩኝ ደስ ብሎኛል። ጋናዊው የጥበብ ሰው ኢብራሂም ማሃማ በካካዎ ጆንያ ሕንፃ ያለብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኒስ ቢያናሌ በተባለው የጣሊያን የጥበብ ትርዒት አንድ ረጅም መተላለፊያ ግራና ቀኙን ሸፍኖታል። ጅማ ላይ ደግሞ ጆንያ ከማን ተበድረን?

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ በአንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ጣሪያ ሥር ስስ ወረቀት ሰቀልን። ክረምት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ሆዱን ዘርግፎ አገኘነው፤ የዱቄት ሙጫችንም ሻግቷል። እሱስ ይሁን፣ ወረቀት ነው። እስካሁን የሚቆጨኝ ምስማሬ ነው። ሦስተኛውን ስመታ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ደረቁ ጣውላ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ስንዝር ያህል ወደ መጋጠሚያው ሄዷል። በሙጫ አጠጋጋነው። ጣቴን ሳሳርፍበት ግን ዛሬም ይታወቀኛል።

ስለዚህ አሰቃቀሉን ሳይሆን አወራረዱን አስቀድማችሁ አስቡ። ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት ባልና ሚስት የጥበብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1995 የበርሊኑን የፓርላማ ሕንፃ ራይሽታግን ከ100,000 ካሬ ሜትር በላይ በሆነ ጨርቅ ጠቅልለው ከ2 ሳምንት በኋላ አወረዱት። እናንተም ከወለል የሚነሳ፣ በራሱ እግር የሚቆም የእንጨት ወይም የብረት ቋሚ ሥሩ፤ ክብደቱ ወለሉ ላይ ይረፍ እንጂ ግድግዳው ላይ አይንጠልጠል። ከእግሩ ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ቃጫ ውሃ ይወዳል፤ አንዱን ጆንያ ነክራችሁ መዝኑና ቋሚው የሚሸከመውን ክብደት በዚያ አስሉ። አምፖል አጠገብ አታድርጉት፣ ይቀጣጠላል።

ከሁሉ የከፋው ነቀዝ ነው። ከመጋዘን የወጣ ጆንያ ያለ እንግዳ አይመጣም። ያ ነፍሳት ጎን ለጎን ባለው የሙዚየሙ በርጩማና ቆዳ ላይ ከተራባ ማን ይመልሰዋል? በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያወርድ ፍሪዘር 2 ሳምንት አቆዩት። ሥጋ ቤት የምታውቁት ሰው ካለ ለምኑት፤ መሳቁ አይቀርም።

የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግን ለዚህ ሥራ አታስቡት። እዚያ ምሰሶውና የበረንዳው ጣውላ ራሱ ኤግዚቢሽን ነው።

ዕቅዱን ስታመጡልኝ የማውረጃው ሥዕል ከላይ ይሁን። መሰላሉን እኔ እይዝላችኋለሁ፤ መውጣቱን ጉልበቴ እምቢ ብሏል።