ስለ ፎቶ ፋይሎችና ቅጥያዎቻቸው፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከካኖን ካሜራ ያወጣኋቸውን የሲአር2 ፋይሎች (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጣቸውን ጥሬ ፎቶዎች) ቅጥያቸውን ወደ ጄፒጂ ቀየርኩት። አሁን ሶፍትዌሩ አልከፍትም ይለኛል። ፎቶዎቹ ጠፉ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፉም። ቅጥያ በፋይሉ ስም ላይ የሚለጠፍ ምልክት ስለሆነ እሱን መቀየር የፋይሉን ውስጥ አይነካውም። የእውነተኛ ጄፒጂ ፋይል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ምንጊዜም «ኤፍኤፍ» እና «ዲ8» ናቸው፤ ሲአር2 ግን ቲፍ በተባለ ሌላ የምስል ፋይል አወቃቀር ላይ የተሠራ በመሆኑ አጀማመሩ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ስሙን አምኖ ሊከፍተው የሞከረ ሶፍትዌር የጠበቀውን አያገኝም። የቀድሞውን ቅጥያ ቢመልሱለት ይከፈታል። ጄፒጂ የሚፈልጉ ከሆነ ፎቶውን በሶፍትዌሩ ከፍተው «ኤክስፖርት» በሚለው ትእዛዝ ያውጡት። በነገራችን ላይ ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ሳይጠየቅ ይደብቃል፤ ስም መቀየር ከመጀመርዎ በፊት እንዲያሳይዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጄፒጂ እና ጄፒኢጂ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ የላቸውም። ጄፒጂ፣ ዶስ የተባለው የቀድሞ የኮምፒውተር ሥርዓት ለቅጥያ ከሦስት ፊደል በላይ ስለማይፈቅድ የመጣ አጠራር ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ አንድን ፎቶ በኤንኢኤፍም (በኒኮን ጥሬ ፋይል) በጄፒጂም ያስቀምጣል። ላይትሩም ክላሲክ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ ሳስገባቸው ግን አንዱን ብቻ ነው የማየው።

መልስ፦ ሶፍትዌሩ ጄፒጂውን የጥሬው ፋይል ተከታይ አድርጎ ስለሚቆጥረው ሁለቱን በአንድ ምስል ያሳያል። ለየብቻ እንዲታዩ ከፈለጉ በምርጫዎች መስኮት «ጄኔራል» በሚለው ክፍል ውስጥ ጄፒጂዎችን እንደ ተለየ ፎቶ የሚቆጥረውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። እኔ ግን ካሜራው ውስጥ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ምስል ካልፈለግሁ በቀር አልነካውም፤ ካታሎጉን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ፎቶዎቹን የሚመዘግብበትን ዝርዝር፣ በእጥፍ ከማብዛት ውጪ የሚጨምርልኝ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ካሜራው 9999 ላይ ሲደርስ ቁጥሩን እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ስሞቹ እንዳይጋጩ ፋይሎቹን መቼ ልሰይም?

መልስ፦ በሚያስገቡበት ሰዓት፣ በራሱ በሶፍትዌሩ። የተነሣበትን ቀን አስቀድሞ ቁጥሩን የሚያስከትል ስም፣ ለምሳሌ «2024-03-15_0427»፣ በስም ሲደረደር የጊዜ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል፤ ዓመቱ ከፊት መሆኑም ለዚሁ ነው። ካስገቡ በኋላ በኮምፒውተሩ የፎልደር መስኮት በኩል ስም ከቀየሩ ግን ካታሎጉ ፋይሉን በቀድሞ ስሙ ስለሚፈልገው «ጠፍቷል» ይላል።

ከሶፍትዌሩ ውጪ ስም መቀየር የሚያመጣውን ጣጣ የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ካታሎግ ሳልጠቀም፣ ማስተካከያዬን በኤክስኤምፒ ፋይሎች (ከፎቶው ጎን በሚቀመጡ፣ ማስተካከያው በሚጻፍባቸው ትናንሽ ፋይሎች) ብቻ አስቀምጬ ስሠራ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ጥሬ ፎቶዎችን በፎልደር መስኮት ስማቸውን ቀየርኩ፤ ኤክስኤምፒዎቹ ግን በአሮጌ ስማቸው ቀሩ። ፎቶዎቹን ስከፍት አንዳቸውም ያልተነኩ መሰሉ፤ ብርሃኑም፣ ቀለሙም፣ ቁርጡም እንደ መጀመሪያው ሆኖ ጠበቀኝ። ሥራዬ እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር ኤክስኤምፒዎቹን አንድ በአንድ ከጥንዶቻቸው ጋር ሳስማማ ተመለሰልኝ። እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቂያ አለ፤ ላይትሩም «0427» ለተባለ ሲአር2 ፋይል «0427.ኤክስኤምፒ» የሚል ስም ሲሰጥ ዳርክቴብል የተባለው ሌላ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ግን «0427.ሲአር2.ኤክስኤምፒ» ይለዋል፤ ሁለቱን ሶፍትዌሮች የሚጠቀም ሰው አንዱን ትርፍ ነው ብሎ እንዳይሰርዘው።

ጥያቄ፦ የአዲሱን የካኖን ካሜራዬን ጥሬ ፋይል፣ ሲአር3ን፣ የቆየው ሶፍትዌሬ አያውቀውም። ቅጥያውን ሲአር2 ብለውስ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ይመልከቱ። ሲአር3 አወቃቀሩ ጭምር የተለየ ነው። አዶቢ በ2004 ያወጣው ዲኤንጂ የተባለ ክፍት የጥሬ ፎቶ ቅርጽ አለ፤ በነፃ በሚገኘው የዲኤንጂ መቀየሪያ ቅጂ ያዘጋጁና ቅጂውን ወደ ቆየው ሶፍትዌር ያስገቡ። ዋናዎቹን ሲአር3 ፋይሎች ግን አይሰርዙ፤ ሶፍትዌሩን ያሳደሱ ዕለት በቀጥታ ይከፈታሉ።