ቀድመሽ የምትነሺ ከሆነ መንገዱን እወቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሸዋ ሮቢት ላይ 5 ኪሎ ሜትር በ33 ደቂቃ ትሮጫለሽ። ደብረ ብርሃን ያሉ ወዳጆችሽ ተራ በተራ በሚነሱበት ሩጫቸው ላይ ጋብዘውሻል። አንቺ ደግሞ «ፈጣኖቹን ባስቸግርስ?» ብለሽ ሰግተሻል። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን በእንዲህ ዓይነት ሩጫ ሮጫለሁ፣ ሰዓት ይዤም ቆሜያለሁ። ምንም አትስጊ፣ ነይ። አበበ ቢቂላና ጌጤ ዋሚ በተወለዱበት አገር ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው አደባባይ መውጣት ያፍራል። ይሄ ሩጫ ግን ለእሱም ቦታ አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀስ የሚለው ቀድሞ ይነሳል፣ ፈጣኑ መጨረሻ ላይ። ሰዓቱ አንድ ነው፣ ከተነሳ አይቆምም። ያንቺ 33 ደቂቃ፣ የፈጣኑ 18 ከሆነ፣ አንቺ ከሄድሽ ከ15 ደቂቃ በኋላ እሱ ይለቀቃል። ሁሉም እንዳለው ከሮጠ መጨረሻው መስመር ላይ ትገናኛላችሁ። መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ያሸንፋል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የቆመው በምትሰጪው ሰዓት ላይ ነው። ለማሸነፍ ብሎ ሰዓቱን አስረዝሞ የሚናገር ሰው በጣም ያናድደኛል፤ በነጻ የሚለፉትን ልጆች ድካም ነው ገደል የሚከተው። አንቺ ጋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800። ጣርማ በርን አልፈሽ ስትወጪ አየሩ ይሳሳል፣ ትንፋሽ ያጥርሻል። የቆላው 33 ደቂቃ ደጋ ላይ አይሠራም። ከቻልሽ ቀደም ብለሽ ነይና 3 ኪሎ ሜትር ለክተሽ ሩጪ፤ የምትሰጪያቸውን ሰዓት ከዚያ አስይ። ካልቻልሽ የቆላ ሰዓትሽ መሆኑን በግልጽ ንገሪያቸው፣ እነሱ ያስተካክሉልሻል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። መጀመሪያ የሚነሳ ሰው ከፊቱ የሚከተለው የለውም። ስለዚህ መታጠፊያዎቹን ቀድመሽ በእግርሽ እያቸው። መንገዱ አይዘጋም፤ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ እሁድ ከሆነ ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው አለ። ዳር ዳሩን ያዢ። ሰውነትሽንም ከሌሎቹ ቀድመሽ አሙቂ፤ ቁጥርሽ ሲጠራ ጊዜ የለም። መጨረሻው አካባቢ ፈጣኖቹ ሽው ብለው ያልፉሻል። አትከተያቸው፣ በራስሽ እርምጃ ሂጂ።

መስመሩን ካለፍሽ በኋላ ማንንም አትቅደሚ። አንዱ ልጅ ሰዓት ይጽፋል፣ ሌላዋ በወረቀት ላይ የደረት ቁጥር በቅደም ተከተል ትጽፋለች። ኋላ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። አንድ ሰው ተራ ከዘለለ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ይዛባል፤ ሲስተካከል ምን ያህል እንደሚያደክም ቆሜ አይቻለሁ። መሃል ላይ ካቋረጥሽም ሳትናገሪ ወደ ቤት አትሂጂ፣ አንቺን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ይኖራል።

ከወደድሽው ደግሞ ሌላ ጊዜ ሩጫውን ትተሽ አንድ መታጠፊያ ላይ ቁሚላቸው፤ ሁሌም ሰው ያጥራቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ጋቢ ያዢ፣ የጠዋቱ ውርጭ ለቆመ ሰው ይብሳል።