ሁለቱ እርሳሶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። አባቱ እዚህ ሎስ አንጀለስ ዕድሜ ልካቸውን በባትላሜራነት፣ የመኪና አካል በማቃናት፣ ሠርተው በቅርቡ አርፈዋል። «ጋሼ፣ ጋራዡን ልናስረክብ ነው። የሚሸጠውን ሸጠን የቀረውን ብንጥለው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እስከ ነገ ታገሠኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ልጆቼ፣ እኔ ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፤ የጎማ መከለያውን ፓራፋንጎ፣ የጉድፍ መሙያውን ስቱኮ ማለትን ከጣሊያኖች አፍ በተቀበሉ ሰዎች እጅ። እዚህ የቀጠሩኝ ሽማግሌ ግን ስቱኮ አጠገባቸው እንዲደርስ አይፈልጉም ነበር። የመኪና ቅርጽ በመለወጥ የታወቀው ሳም ባሪስ እ.ኤ.አ. የ1949 ሜርኩሪ መኪናውን ጣሪያ ቆርጦ ዝቅ ባደረገበት ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ያኔ የብየዳ ስፌት የሚሸፈነው በእርሳስ ማዕድን ነበር። ዘንጉን በእሳት ያለሰልሱና ሰም በጠጣ እንጨት ላሜራው ላይ እንደ ቅቤ ይዘረጉታል። ትንሽ ከሞቀ ይፈሳል፤ ትንሽ ከቀዘቀዘ አይያያዝም። ከዚያ በሞረድ ያስተካክሉትና የጥጥ ጓንት አጥልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳብሱታል። ጉድፍ ካገኙ እንደገና እሳት።

ለእያንዳንዱ መኪና ደግሞ የጣሪያውን ቅርጽ በካርቶን ቆርጠው ያስቀሩ ነበር። ከመቶ የሚበልጡ ካርቶኖች ጠርዛቸው በቅባት ጠቁሮ ግድግዳው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥለዋል። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ጽፈዋል፤ የባለቤቱን ስም፣ ወሩን፣ «ከፊት አራት ኢንች፣ ከኋላ ስድስት ተኩል» እያሉ። አንዱ ላይ «ሚስቱ አልወደደችውም» ይላል።

ሽማግሌው ታመው ሆስፒታል ሲገቡ ልጃቸው ጋራዡን በሳምንት ውስጥ ባዶ እንድናደርግ ነገረችን። አንጋፋው ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። መዶሻውንና የብየዳ ዕቃውን ተከፋፈልን። ካርቶኖቹን በጉልበቴ እያጠፍኩ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትኳቸው። ሚስቱ ያልወደደችው መኪና ካርቶን እጄ ሲገባ ቆም ብዬ አነበብኩት። እሱንም ጣልኩት።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከሁሉ አስቀድመው «ካርቶኖቼን የት አደረግሃቸው?» አሉኝ። «ደህና ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ» አልኳቸው። እጄን ጨበጥ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያንን የላሜራ ዳሰሳ መሰለኝ። ወር ሳይሞላቸው አረፉ። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።

ከዓመት በኋላ አንድ ሰው አሮጌ ሜርኩሪ በጭነት መኪና ጭኖ፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ጣሪያውን ዝገት በልቶታል። የእሳቸው ሥራ ነው። «ልኩን የሚያውቅ አለ?» አለ። ምን ልበለው?

የባሪስ ጋራዥ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቃጠል ብዙ መኪና አብሮ ወድሟል። እሳት ነው፣ ምን ይደረጋል። የእኔ ግን እሳት አልነበረም። እዚያው ጋራዥ በ1952 ሂሮሃታ ለሚባል ደንበኛ የተሠራውን ሜርኩሪ ደግሞ በ1959 አንድ የትምህርት ቤት ልጅ በ500 ዶላር ገዝቶ እስኪሞት ድረስ አልለቀቀውም። በ2022 በጨረታ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ያ ልጅ በዚያ ዕድሜው ያስተዋለውን እኔ ትልቁ ሰውዬ አላስተዋልኩም።

ዕቃ ከዝገት እንዴት እንደሚጠበቅ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ምንም አትጣሉ ነው የምላችሁ። ይህን እያልኩ እቤቴ የማን እንደሆነ የማላውቀው የክሮም ፓራውልት፣ የመኪና ግጭት መከላከያ፣ ሃያ ዓመት ቦታ ይዞ ተቀምጧል፤ እሱን ነገ ብጥለው አይቆጨኝም፤ የሚጠራበት ስም የለውም። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በስልክ ታነሳላችሁ፤ ማን እንደሠራው ግን አትጠይቁም። ይህ ያናድደኛል። ያም ሆኖ ያ ወጣት ከመጣሉ በፊት ደውሎ ጠይቋል፤ እኔ ማንንም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጋራዡ ሄድኩ። እናቱም መጥተው ነበር። ከመሳቢያው እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ መዶሻ አነሱና «ይህ አባትህ ከአዲስ አበባ በሻንጣው ይዞት የመጣው ነው፤ ጫማውን ትቶ» አሉ። ልጁ አያውቅም ነበር። ከኪሴ እርሳስ አውጥቼ አቀበልኩት።